ፍርስራሹን ዞሮ ማየት
ከጎንደር ጉብኝት ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የሚሆን ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መግቢያ

ነህምያ ከሱሳ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ግንብ ለመሥራት አልቸኮለም። ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከዚያም ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ በሌሊት ተነሣና የፈረሰውን ቅጥር፣ በእሳት የተቃጠሉትንም በሮች ዞሮ ተመለከተ። አይቶ እስኪጨርስ ድረስ ለካህናቱም ለሹማምንቱም ምንም አልተናገረም። ሕዝቡን ለሥራ የጠራው የጉዳቱን መጠን በዓይኑ ካረጋገጠ በኋላ ነበር (ነህ. 2፥11-18)።

ብዙዎቻችን በዚህ ቅደም ተከተል አንሠራም። ኮሚቴ እንሰይማለን፣ ገንዘብ እናሰባስባለን፣ አሮጌውን እናፈርሳለን፤ ምን እንደነበረን የምንጠይቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ ከሆመቾ ተነሥተን ወደ ቀድሞዋ የነገሥታት ከተማ ወደ ጎንደር ያደረግነውን ጉብኝት መነሻ አድርጎ፣ ጥንታዊ ቤተ መቅደስንና የነገሥታት ፍርስራሽን መጎብኘት ለአንድ አጥቢያ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የጉዞው ምክንያት

በሆመቾ ዙሪያ ካሉት አጥቢያዎች የአንዱ ሰበካ ጉባኤ አያቶች የሠሩትን ክብ ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ በስፍራው በብሎኬትና በሲሚንቶ ሰፊ ሕንፃ ለማነጽ ወሰነ። ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አልነበረም። በንግሥ በዓል ቀን ሕዝቡ ቅኔ ማኅሌቱን ሞልቶ ወደ ዐጸዱ ይፈስሳል፤ በክረምት እናቶች ሕፃናት አዝለው በዝናብ ያስቀድሳሉ። በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳም ጎብጦ ጭቃው መርገፍ ጀምሮ ነበር። የፕሮጀክት ሐሳቡን እንድናዘጋጅላቸው ሲጠይቁን በደስታ ተቀበልን፤ መጻፍም ጀመርን።

ይሁን እንጂ አንድ የቆየ ነገር እጃችንን ያዘው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በሌላ ስፍራ እኛው ባገዝነው ሥራ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ቀን ፈርሶ ነበር። የጥድ ምሰሶዎቹ ለማገዶ ተሸጡ። በበሩ ጉበን ላይ የሠሪዎቹ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ተቀርጾ እንደነበር የሰማነው ጉበኑ ከምሰሶዎቹ ጋር ከሄደ በኋላ ነው። በአዲሱ ሕንፃ ምረቃ ቀን አንዲት አረጋዊት እናት ወደ እኛ ቀረቡና፣ «ዲያቆን ልጄ፣ የአባቴ ስም የተጻፈበትን እንጨት ወዴት አደረጋችሁት?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም፤ የምናሳያቸው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አላነሣንም። ያን ጊዜ የሥራው ተቆጣጣሪ እኛ ነበርንና ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ልናሳብበው አንችልም።

ስለዚህ የሆመቾውን ሐሳብ ከመጨረሳችን በፊት ሰበካ ጉባኤውን አንድ ነገር ለመንን፤ ከማፍረስ በፊት ያረጀውን ነገር ማየት እንማር አልን። ካህናቱ የጥምቀትን በዓል በአጥቢያቸው አገልግለው እስኪጨርሱ ጠብቀን፣ በጥር ወር መጨረሻ ሁለት ካህናትና አራት የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆነው ከእኛ ጋር ተነሡ። የጉዞውን ወጪ ተጓዦቹ ከየግላቸው ሸፈኑ፤ ከሙዳየ ምጽዋት አንድ ብር አልተነካም። በሆሳዕናና በአዲስ አበባ በኩል አልፈን፣ ዓባይን ተሻግረን፣ በሦስተኛው ቀን ጎንደር ገባን።

ስለ ከተማዋ በአጭሩ

ከጎንደር በፊት በነበሩት ብዙ ዘመናት የኢትዮጵያ ነገሥታት የሚኖሩት በአብዛኛው በድንኳን ከተማ ነበር። ንጉሡ ሲነሣ ከተማውም ይነሣል፤ ማገዶውና ስንቁ ሲያልቅ ወደ ሌላ ስፍራ ይሰፍራል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ይህ ልማድ ተለወጠ። ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው አፄ ዮሐንስ፣ ታላቁ አፄ ኢያሱ፣ አፄ ዳዊት፣ አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው በዚያው ቅጽር ውስጥ የየራሳቸውን ሕንፃ ጨመሩ። ፋሲል ግቢ የተባለው ይህ ስፍራ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የድንጋይ ግንብ የታጠረ ነው፤ አሥራ ሁለት በሮችም ነበሩት። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የፋሲል መዋኛ፣ የቁስቋም ግቢ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ እንዲሁም ከጎንደር ቀድሞ በአፄ ሠርፀ ድንግል የተሠራው የጉዛራ ቤተ መንግሥት አብረው ይገኛሉ።

ከመካከላችን አንዱ በመንገድ ላይ ሳለን፣ «ይህ የሰሜን ታሪክ ነው፤ ለእኛ ለሐዲያ ሰዎች ምናችን ነው?» ብሎ ነበር። ጥያቄው ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ መልስም አለው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበሩት እቴጌ እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነበሩ። ከባለቤታቸው ሞት በኋላም በተከታታይ ነገሥታት ዘመን የቤተ መንግሥቱ ታላቅ አማካሪ ሆነው ቆዩ፤ በአፄ ልብነ ድንግል ሕፃንነት ጊዜ መንግሥቱን መሩ፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላኩትም እርሳቸው ናቸው። በጎጃም መርጡለ ማርያምን ያሳነጹ ሲሆን፣ በዚያ ስፍራ የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያል። የዚህች አገር የነገሥታት ታሪክ ከሐዲያ ምድር በወጣች ሴት እጅም ተጽፏል፤ በጎንደር ግንብ ፊት ስንቆም የቆምነው በሰው ቤት አይደለም።

የመጀመሪያው ትምህርት፦ ጥፋት ከጣሪያ ይጀምራል

በግቢው ውስጥ ተጓዡን አስቀድሞ የሚቀበለው የአፄ ፋሲል ግንብ ነው። በአራት ማዕዘኑ ላይ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች ቆመዋል፤ ከፍታው 32 ሜትር ያህል ይሆናል። ግድግዳው በድንጋይና በኖራ የተሠራ ሆኖ ወለሉና በሮቹ እንጨት አለባቸው። ይህ ግንብ ጣሪያው ስላልተለየው ቆሟል፤ በተለያየ ጊዜም ተጠግኗል።

ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ይገኛል። በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበር ይነገርለታል። ዛሬ ግን በውስጡ ቆሞ ቀና የሚል ሰው የሚያየው ሰማይን ነው። ይህ ሕንፃ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ እንደተጎዳ ይነገራል። ኋላም ጣሊያኖች ግቢውን ማዘዣቸው አድርገውት ስለነበር፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነጻ ከመውጣቷ በፊት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት።

በዚህ ስፍራ ከካህናቱ አንዱ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «ድንጋዩ ያው ነው፤ ኖራውም ያው ነው፤ ልዩነቱ ክዳኑ ነው» አሉ። በዕለቱ ከሰማነው ሁሉ ለሥራችን የጠቀመን ይህ ቃል ነው። ጣሪያው የተከፈተ ሕንፃ ዝናቡ ከላይ ወደ ግድግዳው ራስ ይገባበታል፤ ኖራው ይታጠባል፤ በተከፈተው ስንጥቅ የወፍ ዘር ይበቅላል፤ ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ፈልቅቆ ያወጣዋል። ጦርነትና የመሬት መንቀጥቀጥ የጀመሩትን ውኃና ሥር ይጨርሱታል።

የእኛ አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ በመሆናቸው ይህ ሕግ በእነርሱ ላይ ይበልጥ ይጸናል። አንድ የተነሣ ቆርቆሮ፣ አንድ የወለቀ ምስማር በሁለት ክረምት ወራጁን ያበሰብሰዋል። ከክዳኑ የሚወርደው ውኃ የሚሄድበት ቦይ ከሌለው ተመልሶ ወደ መሠረቱ ይገባል፤ ርጥበት ባለበት ምስጥ ይከተላል።

እዚህ ላይ ስለ ሲሚንቶ አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባናል። በኖራ ወይም በጭቃ የተሠራ የድንጋይ ግድግዳ ርጥበቱን በመጋጠሚያው በኩል ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ግን ከድንጋዩ ይልቅ ጠንክሮ ውኃውን በውስጥ ያግተዋል፤ ከጊዜ በኋላም የድንጋዩ ፊት ይላላጣል። ስለዚህ አሮጌን የድንጋይ ግንብ «እናጠንክረው» ብሎ በሲሚንቶ መምረግ በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ጉዳት ነው። በኖራ የተሠራውን በኖራ፣ በጭቃ የተሠራውን በጭቃና በጭድ መጠገን ይሻላል።

ሁለተኛው ትምህርት፦ የሚያገለግል ነገር ጠባቂ አያጣም

ከግቢው ወጥተን ወደ ቀሃ ወንዝ አቅጣጫ ስንወርድ የፋሲል መዋኛ ወደሚባለው ስፍራ ደረስን። በሰፊ ገንዳ መካከል ፎቅ ያለው የድንጋይ ቤት ቆሟል፤ በቅስት ድልድይ ይደረስበታል። በዙሪያው ያሉት ትላልቅ ዛፎች ሥራቸውን በአሮጌው የግንብ አጥር ላይ ጥለው ድንጋዩን እንደ እጅ ጣት ይዘውታል። እኛ የደረስነው ውኃው ከተለቀቀ በኋላ ስለነበር የገንዳውን ወለልና ግድግዳ በግልጽ ለማየት ቻልን።

ይህ ገንዳ በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተሞላ ታቦታቱ በዙሪያው ያድራሉ፤ ጥር 11 ቀን ጠዋት ጸሎቱ ደርሶ ውኃው ይባረካል። የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህ የእንግዳው ብዛት ጨምሯል። ዋናው ነገር ግን ከመዝገቡ በፊት የነበረው ነው። ገንዳው በዓመት አንድ ጊዜ ውኃ መያዝ አለበት፤ ውኃ እንዲይዝ ደግሞ ቦዩ መጠረግ፣ ስንጥቁ መደፈን አለበት። በዓሉ በየዓመቱ ሕንፃውን ይመረምረዋል ማለት ነው።

በግቢው ውስጥ ያሉት ቤተ መንግሥቶች ይህን ዕድል አላገኙም። የነገሥታቱ ሥልጣን በዘመነ መሳፍንት ሲደክም አዳራሾቹ የሚገለገልባቸው ሰው አጡ፤ በኋላም ዋናው መዲና ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። ግብር የማይገባበት አዳራሽ የሚጠርገው አይኖርም፤ የማይጠረግ ቤት ሲያፈስም የሚያየው የለም። በየአጥቢያችን «አሮጌ ነው» ተብሎ የተዘጋ ቤተ ልሔም፣ ዕቃ ቤት ወይም የአብነት ትምህርት ቤት ካለ፣ ከመፍረሱ በፊት አገልግሎት እንፈልግለት። የሚከፈት በር ከተዘጋ በር ይልቅ ዕድሜ አለው።

ሦስተኛው ትምህርት፦ እሳት፣ መብረቅና ሥዕል

ደብረ ብርሃን ሥላሴ በታላቁ ኢያሱ ዘመን የተተከለ ነው። የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ እንደነበረ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመብረቅ እንደጠፋና ዛሬ የምናየው አራት ማዕዘን ሕንፃ ከዚያ በኋላ እንደተሠራ ይታመናል። በቅጽሩ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ማማዎች በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት፣ የመግቢያው ደጀ ሰላም ደግሞ በጌታችን ይመሰላሉ። በውስጥ ጣሪያው በሙሉ በክንፋቸው መካከል ፊታቸው በሚታይ መላእክት ተሥሏል። ከመቅደሱ በር በላይ ሥዕለ ሥላሴና ስቅለት ይታያሉ። እኛ ስድስታችንንም ይዘን ገብተን ለረጅም ጊዜ ሳንነጋገር ቆምን።

በጥር 1880 ዓ.ም. መሐዲስቶች ጎንደርን ወርረው አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ። «አርባ አራቱ ታቦት» እየተባለ በሚነገርላት ከተማ ከእሳት ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪዎቹን እንዳባረረ አባቶች ይተርካሉ። ትረካውን ስንሰማ ከአባላቱ አንዱ፣ «እኛ ዘንድ ንብ የለም፤ ምን እናድርግ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን ጥያቄው የሰበካ ጉባኤ ጥያቄ ነው። እግዚአብሔር በተአምር የጠበቀውን ሰው በቸልታ እንዳያጠፋው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

አብያተ ክርስቲያናቶቻችን በኮረብታ ላይ፣ በረጃጅም ዛፎች መካከል ይሠራሉ፤ ቆርቆሮ ክዳንና የብረት መስቀል አላቸው። ስለዚህ የመብረቅ መከላከያ መትከል፣ ጧፍና ሻማ ከመጋረጃና ከሥዕል አርቆ ማብራት፣ የማዕጠንቱን ፍም ከአገልግሎት በኋላ ከሕንፃው ውጭ ማጥፋት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን በባለሙያ ማስመርመር፣ በዐጸዱ ውስጥ ውኃ የተሞላ በርሜልና አሸዋ ማኖር በጀት የሚያናጋ ነገር አይደለም። ሥዕሎችንም በርጥብ ጨርቅ ማጠብ፣ በእጅ መዳሰስ፣ ቀለሙ ስለደበዘዘ በላዩ ላይ ማስቀባት አይገባም። የተቀባበት ሥዕል ዳግመኛ አይመለስም።

አራተኛው ትምህርት፦ ያልተመዘገበ ንብረት

ጎንደር የግንብ ብቻ ሳትሆን የመጽሐፍና የትርጓሜ ከተማም ነበረች። መጻሕፍቷ ግን ብዙዎቹ በስፍራቸው የሉም። አፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ብራናዎችን ወደ መቅደላ አስወስደው ነበር፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ ተቃጠለች። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ እነዚያን መጻሕፍት ዘርፎ ወሰደ፤ 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። እዚያ በቁጥር ተመዝግበው፣ ገጻቸው ተቆጥሮ፣ ይዘታቸው ተጽፎ ተቀምጠዋል።

ይህን ስንሰማ ልባችን አዘነ፤ ነገር ግን ሌላም ነገር አሰብን። ከእኛ የተወሰደው በሰው አገር ዝርዝሩ ይታወቃል፤ በእጃችን ያለው ግን በገዛ ዕቃ ቤታችን ዝርዝር የለውም። ቄሰ ገበዙ ሲለወጡ መተካካቱ በቃል ይፈጸማል፤ አንድ ዳዊት ወይም አንድ የእጅ መስቀል ቢጠፋ «ነበረን» ከማለት በቀር ማስረጃ አናቀርብም። ሌባም ሆነ ደላላ የሚደፍረው ያልተመዘገበውን ነው።

አምስተኛው ትምህርት፦ አዲሱና አሮጌው በአንድ ቅጽር

በመጨረሻው ቀን ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ ባለው ከፍታ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ወጣን። እቴጌ ምንትዋብ በዚያ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ በጎንደር በነበረበት ጊዜ ያረፈው በዚሁ ስፍራ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በመሐዲስቶች ተቃጥሎ በኋላ ዘመን እንደገና ተሠርቷል፤ የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የአፄ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የአፄ ኢዮአስ ዐፅም በዚያ ተጠብቆ ይታያል። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ግን ጣሪያ እንደሌለው በአጠገቡ ቆሟል፤ በግድግዳው ላይ የተቀረጹ መስቀሎች አሁንም ይታያሉ።

ከሆመቾ ይዘነው የመጣነው ክርክር እዚህ ተነሣ። ወጣቱ የሰበካ ጉባኤ አባል ታላቁን ካህን፣ «አባ፣ ሕዝቡ ዝናብ ላይ ቆሞ እኛ ግድግዳ ስናደንቅ እግዚአብሔር ደስ ይለዋል?» አላቸው። ካህኑም፣ «አይለውም፤ ሕዝቡን ዝናብ ያስመታሁት አያቶቼ ስለሠሩ ሳይሆን እኔ ስላልጨመርኩ ነው። እዚህ እንዳየኸው የተቃጠለውን እንደገና ሠሩ፤ የፈረሰውንም ከቅጽሩ አላስወጡትም» ብለው መለሱ። ወጣቱ በዚያች ሰዓት አልተረታም፤ እኛም እንዲረታ አልጠበቅንም። ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። «እናፍርስ ወይስ እንተው?» የነበረው «የት እንሥራ? ያለውንስ እንዴት እንጠብቅ?» ሆነ።

ከተመለስን በኋላ

ወደ ሆመቾ ተመልሰን ያደረግነው የነህምያን ሥራ ነው፤ ዞረን ተመለከትን። አንድ ልምድ ያለው አናጢና አንድ ግንበኛ ጠርተን ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ አስመረመርን። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ጤናማ ሆነው ተገኙ። የጎበጠው የሰሜን ግድግዳ ያረጀ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ከክዳኑ የሚወርደው ውኃ መውጫ አጥቶ በግድግዳው ሥር ይተኛ ነበር። የአጥቢያው ወጣቶች በሁለት ቅዳሜ ቦይ ቆፍረው ውኃውን ወደ ታች አወረዱት፤ ቆርቆሮው ተመታ፤ ግድግዳው በጭቃና በጭድ ተመረገ። ወጪው የምስማርና የጭድ ብቻ ነበር።

የቦታ ጥበቱ ግን አልተፈታም። ሰበካ ጉባኤው አዲሱ ሕንፃ በዚያው ቅጽር በስተደቡብ እንዲሠራ፣ አሮጌው ደግሞ በሊቀ ጳጳሱ መመሪያ ለአብነት ትምህርትና ለዕቃ ቤት እንዲውል ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ውሳኔው ከሀገረ ስብከቱ ይጠበቃል። በሐሳቡ ያልተስማሙ ወንድሞችም አሉ፤ «ሁለት ሕንፃ መጠበቅ ሁለት ዕዳ ነው» ይላሉ። ስጋታቸው ትክክል ስለሆነ መልሱ በቃል ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ገንዘቡ ከወዴት እንደሚመጣ ማሳየት ያስፈልጋል።

ለዚህም መጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌ አለው። ንጉሡ ኢዮአስ የቤተ መቅደሱ ፍርስራሽ እንዲጠገን ገንዘቡን ለካህናቱ ፈቅዶ ነበር፤ እስከ ሃያ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ግን ጥገናው አልተደረገም። ያን ጊዜ ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተነደለ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ የገባውም ገንዘብ በንጉሡ ጸሓፊና በሊቀ ካህናቱ ፊት እየተቆጠረ ለአናጢዎቹና ለግንበኞቹ ተሰጠ (2ኛ ነገ. 12)። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ የጥገና ገንዘብ ከሌላው ገንዘብ ተለይቶ መቀመጥ አለበት፣ መቆጠር ያለበትም በሁለት ወገን ፊት ነው። የሆመቾው አጥቢያም «ለጥገና» ተብሎ የተጻፈበት ሁለተኛ ሙዳየ ምጽዋት አኑሯል፤ በየወሩ በካህንና በምእመን ተወካይ ፊት ይቆጠራል።

አጥቢያዎች ሊከተሉት የሚገባ ቅደም ተከተል

ሀ. ዞሮ ማየት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊት በግንቦትና ከክረምት በኋላ በመስከረም፣ ካህንና የሰበካ ጉባኤ አባል ከአናጢ ጋር ሕንፃውን ከክዳን እስከ መሠረት ይመልከቱ። ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት አንድ ጊዜ መዞር ብዙ ነገር ይገልጣል።

ለ. መመዝገብ። እያንዳንዱ ብራና፣ መስቀል፣ ሥዕልና ጽሑፍ ያለበት እንጨት በፎቶግራፍ፣ በስፋትና በቁመት፣ ከማን እንደተገኘ ከሚገልጽ ማስታወሻ ጋር ይመዝገብ። መዝገቡ በሦስት ቅጂ ሆኖ በአጥቢያው፣ በወረዳው ቤተ ክህነትና በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ። በብራናው ላይ ግን በእስክሪብቶ ምንም አይጻፍ።

ሐ. ሽማግሌዎችን መጠየቅ። ማን ሠራው? እንጨቱ ከየት መጣ? ድንጋዩን ማን ተሸከመ? መልሱን በድምፅ መቅዳት ዛሬ በማንኛውም ስልክ ይቻላል።

መ. ሕጉን መጠበቅ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገንም ሆነ ከስፍራው ለማንቀሳቀስ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል። የዞኑን የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ከሥራው በፊት መጥራት ከሥራው በኋላ ከመከሰስ ይሻላል።

ሠ. በሥርዓት መጎብኘት። ለጉብኝት የሚወጣ ሰበካ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ያጣራ፤ ለሚሄድበት ደብር በሀገረ ስብከቱ በኩል ደብዳቤ ያድርስ፤ በቅዳሴ ሰዓት ፎቶግራፍ አያንሣ፤ በሥዕል ላይ የብልጭታ መብራት አይጠቀም። ተጓዦቹ ሲመለሱ ያዩትን ለምእመናን ጉባኤ ሪፖርት ያቅርቡ። ሪፖርት የሌለው ጉብኝት የተጓዦቹ ሽርሽር ሆኖ ይቀራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ካሉት ሕንፃዎች ዕድሜው የቆየው የትኛው ነው? የሠሩትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ሰው አለ?
2. ባለፈው ክረምት ውኃ የገባበት ስፍራ የት ነው? ከዚያ ወዲህ ምን ተደረገ?
3. ቄሰ ገበዙ ዛሬ ቢለወጡ፣ ንዋየ ቅድሳቱን የሚረከቡት በምን መዝገብ ነው?
4. ለአዲስ ሕንፃ የምንሰበስበውን ያህል ለጥገና የምንሰበስብበት መንገድ አለን?
5. የፈረሰ ወይም የተሸጠ ነገር ካለን፣ የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ምን ልንጽፍ እንችላለን?

መደምደሚያ

ያችን ስለ አባታቸው ስም የጠየቁንን እናት ከጎንደር ከተመለስን በኋላ ሄደን ጎበኘናቸው። እንጨቱን ልንመልስላቸው አልቻልንም። የሚያስታውሷቸውን የሠሪዎቹን ስሞች ግን አንድ በአንድ ነገሩን፤ አሥራ አንድ ስም ጻፍን፤ ወረቀቱንም ለአጥቢያው ሰጠን። ዛሬ በደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የጠፋውን ጉበን አይተካም፤ በዚያ ደጃፍ የሚገባ ልጅ ግን ከእርሱ በፊት የሠራ ሰው እንደነበረ ያነባል።

ከጎንደር የሚመለስ ተጓዥ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ግንቡ ከፍታ ነው። አባቶቻችን ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ግን ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ወደ ቅጽሩ ገብታችሁ ጫማችሁን አውልቃችሁ ከተሳለማችሁ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁን አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ ዙሩት፤ ክዳኑንም ቀና ብላችሁ እዩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።